ከአርባ አራቱ ታቦት እስከ 532፦ ቁጥርን ወደ ብቸኛ አካፋዮች መተንተን

ጎንደር ላይ 44ን የማያውቅ የለም። አርባ አራቱ ታቦት! ለ2 ሲካፈል 22፣ እንደገና ለ2 ሲካፈል 11፣ እዚያ ላይ አበቃ። 11ን ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም፤ እንዲህ ያለው ብቸኛ ቁጥር ይባላል። አንድን ቁጥር ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ እስኪቀሩ ድረስ መበተን ነው እንግዲህ ትንተና የሚባለው፦ 44 = 2 × 2 × 11። በየትኛውም በኩል ቢጀመር መጨረሻው ያው ነው። ዩክሊድ ከ2,300 ዓመት ገደማ በፊት መሠረቱን ጣለ፣ ጋውስ በ1801 እ.ኤ.አ. ሙሉ ማረጋገጫውን ሰጠ። 1 ብቸኛ የማይባለውም ለዚህ ነው፤ ቢባልማ የፈለግነውን ያህል 1 እየደረደርን መልሱ ወጥ አይሆንም ነበር።

ለእኔ ነገሩ የሚጥመው ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበት የቤተ ክርስቲያን ስሌት ላይ ነው። የአብነት ተማሪ ንኡስ ቀመር 19፣ ማዕከላዊ ቀመር 76፣ ዐቢይ ቀመር 532 ዓመት ብሎ ይይዛል። እስቲ 532ን እንፍታው። ለ2፣ 266። ለ2፣ 133። 3 እምቢ፣ 5 እምቢ፣ ለ7 ሲሆን 19። ስለዚህ 2 × 2 × 7 × 19። አንዱም ያለ ሥራ አልገባም፦ 19 የጨረቃ ዑደት ነው፣ 7 የሳምንቱ ቀናት፣ 2 × 2 ደግሞ ከማቴዎስ እስከ ዮሐንስ የሚዞሩት አራቱ ዓመታት። የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ትንሹ የጋራ ብዜታቸው ዝም ብሎ ማባዛት ነው፣ የፋሲካ ቀኖች ቅደም ተከተልም ከ532 ዓመት በኋላ እንዳለ ይደገማል። 76ስ? 2 × 2 × 19። 7 የለችበትም፤ ስለዚህ በ76 ዓመት ጨረቃውና ወንጌላዊው ይገጥማሉ፣ ዕለቱ ግን አይገጥምም።

አንድ ቀን ፒያሳ ቁጭ ብዬ በሶፍት ላይ የከተማዋን ዓመቶች መበተን ጀመርኩ። ፋሲለደስ ጎንደርን የቆረቆረበት 1636 እ.ኤ.አ. 2 × 2 × 409 ሆነ። ፋሲል ግቢ በዩኔስኮ የተመዘገበበት 1979 ግን ንቅንቅ አልል አለኝ። 45 × 45 ከ1979 ስለሚበልጥ፣ ቁጥሩ ቢበተን ኖሮ አንዱ አካፋይ ከ45 ማነሱ አይቀርም፤ ስለዚህ እስከ 43 ያሉትን 14 ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር በቂ ነው፤ ሁሉንም ሞከርኩ፣ ማኪያቶው ቀዘቀዘ፣ ቁጥሩ ለካ ራሱ ብቸኛ ነው። ያው ዓመት በእኛ አቆጣጠር 1972 ሲሆን ግን 2 × 2 × 17 × 29 ብሎ ብትንትኑ ይወጣል።

ማባዛቱ ቀላል፣ መፍታቱ ከባድ። በ1977 እ.ኤ.አ. ሪቬስት፣ ሻሚርና አድልማን ምስጢር መቆለፊያ የሠሩት ከዚሁ ነው፦ ሁለት ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮችን አባዝቶ ውጤቱን ለሁሉም ማሳየት፣ ሁለቱን መደበቅ። በ2020 ባለ 250 አሃዝ ቁጥር ተፈታ፤ አንድ የኮምፒውተር ኮር ብቻውን ቢይዘው 2,700 ዓመት ገደማ የሚፈጅ ሥራ ነበር። አሁን በብዛት የሚሠራባቸው ቁልፎች 617 አሃዝ አላቸው።