ሞተር ሳይክል ዲለር ከመሄዳችሁ በፊት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አዲስ ሞተር ሳይክል የሚገዙ ወዳጆቼ አብሬያቸው እንድሄድ ይጠይቁኛል። ዲለር ቤት (ሞተር የሚሸጥ ድርጅት) ለዓመታት ስለሠራሁ ነው። ደስ ብሎኝ እሄዳለሁ። መንገድ ላይ የምሰማው ግን ሁሌም ያው ነው፤ አሁንስ ሰለቸኝ።

«ካሽ ከያዝኩ ይቀንሱልኛል» ይላሉ። ለምን ይቀንሱላችኋል? ዲለሩ በብድር ሲሸጥ ከአበዳሪውም ያገኛል። ባንኩ በ6 በመቶ ወለድ የፈቀደውን ብድር ዲለሩ 8 በመቶ አድርጎ ሊያቀርብላችሁና ልዩነቱን ሊካፈል ይችላል። ገና ከበር ስትገቡ «ካሽ አለኝ» አትበሉ። መጀመሪያ ዋጋው ይጻፍ፣ አከፋፈሉ በኋላ ይደርሳል።

«ከግማሽ ዋጋ ጠርቼ እጀምራለሁ» የሚለው ደግሞ ለመርካቶ ነው። አዲስ ሞተር ላይ ያን ያህል ትርፍ የለም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን «ዋጋውማ ተለጥፏል፣ 5,999 ዶላር ነው» የሚለው ነው። ሰው ኢንተርኔት ላይ አይቶ፣ ያንኑ ቆጥሮ ይመጣል። ያ ቁጥር አምራቹ ያወጣው መነሻ ዋጋ ነው። አዲስ መኪና ላይ ዋጋውንና ማጓጓዣውን የሚዘረዝር ወረቀት መስኮቱ ላይ እንዲለጠፍ የሚያስገድድ የ1958 የፌዴራል ሕግ አለ። ሞተር ሳይክልን ግን አይመለከትም። ስለዚህ ተጨማሪው ሁሉ የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ልባችሁ ሞተሩ ላይ ካረፈ በኋላ ነው።

አንድ የሰፈራችን ልጅ «300 ዶላር አስቀነስኩ» ብሎ በደስታ ወረቀቱን አሳየኝ። ሞተሩ 5,999። ማጓጓዣ 600። መገጣጠሚያ 500። የወረቀት ሥራ 799። ጎማው ውስጥ በአየር ፈንታ የሚሞላ ናይትሮጅንና የስርቆት መከላከያ ምልክት 399። 300ው ተቀንሶ 7,997 ዶላር፣ ያውም ከታክስ በፊት! ልጁ ጠንክሮ ተከራክሯል፤ የተከራከረው ግን የመጀመሪያው መስመር ላይ ብቻ ነው። ከታች ያሉትን አራት መስመሮች ሕግ መስሎት ዝም ብሎ ፈረመ።

ሕግ የሚያስከፍላችሁ የሽያጭ ታክሱን (ቨርጂኒያ 4.15 በመቶ)፣ ታይትሉን (የባለቤትነት ወረቀቱን) እና ታርጋውን ነው። ማጓጓዣ ለዲለሩም እውነተኛ ወጪ ነው፣ እሺ። የወረቀት ሥራ የሚሉት ግን የዲለሩ የራሱ ክፍያ ነው። ካሊፎርኒያ ከ85 ዶላር እንዳያልፍ ገድባዋለች፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ጣሪያ የለውም። «ለሁሉም ደንበኛ እኩል ነው፣ አናነሳውም» ካሏችሁ «እንግዲያው ያንኑ ያህል ከሞተሩ ዋጋ ቀንሱልኝ» በሏቸው። ናይትሮጅኑን ጨርሶ ይሰርዙት። አየር ማለት አብዛኛው ናይትሮጅን ነው!

መፍትሔው ቀላል ነው። ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ለሦስት ወይም ለአራት ዲለሮች ኢሜይል ላኩ፤ ጎረቤት ሜሪላንድ ያሉትንም ጨምሩ። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ይህ ሞተር ሁሉ ነገር ተጨምሮ፣ ይዤው ከበር እስክወጣ ስንት ነው?» መልሱ በጽሑፍ ይሁን። «እዚህ ይምጡና እንነጋገራለን» የሚለውን እለፉት። ዝቅተኛውን ይዛችሁ ለሌሎቹ አሳዩ። ክርክሩ ያለው እዚህ ጋ ነው።

«ወርሃዊው ከተመቸኝ ሌላው ግድ የለኝም» የሚሉም አሉ። 9,000 ዶላር በ8 በመቶ ተበድራችሁ በ36 ወር ብትከፍሉ በወር 282 ዶላር ገደማ ነው። በ72 ወር 158 ይሆናል። ቀለለ አይደል? በድምሩ ግን ከ1,200 ዶላር በላይ ጨምራችሁ ትከፍላላችሁ። ሻጩ «በወር ስንት ይመችዎታል?» ካለ መልሱ «መጀመሪያ ጠቅላላውን ንገረኝ» ነው።

ያለፈው ዓመት ሞዴል አሮጌ አይደለም። በማንም ስም ታይትል ካልወጣበት አዲስ ነው፤ ዋራንቲውም አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው ከገዛችሁበት ቀን ጀምሮ ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ ብርዱ ገዢ ሲያሳጣቸው፣ ጠይቁ።

«ካልተስማማኝ በሦስት ቀን እመልሰዋለሁ» የሚለውን እባካችሁ እርሱት። የሦስት ቀኑ የፌዴራል ደንብ ቤታችሁ ድረስ መጥቶ ለሚሸጥላችሁ ሰውና ለመሳሰሉት ነው። ዲለሩ ቤት ሄዳችሁ የፈረማችሁትን አይመለከትም። በዚህ ምክንያት የተጣላ፣ ያለቀሰም ሰው አይቻለሁ።

ዋጋው አልነቃነቅ ካለስ? የመጀመሪያውን ሰርቪስ በነፃ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ሞተሮች ላይ 600 ማይል ገደማ ሲሞላ የሚደረግ ነው። ወይም ሄልሜት ይጨምሩ። ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ ሄልሜት መንዳት ክልክል ስለሆነ መግዛታችሁ አይቀርም። ከዋጋው 200 ዶላር ለማንሳት አሻፈረኝ ያለ ሥራ አስኪያጅ ሄልሜቱን ከመደርደሪያ አውርዶ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።