ስቴሪዮ እና ድርብ ሞኖ፦ ጊታርን በቀጥታ ወደ ሚክሰር ሲያስገቡ

ከአምፕ ሞዴለር (የጊታር አምፕንና የስፒከሩን ድምፅ አስመስሎ ከሚያወጣ መሣሪያ) ሁለት ኬብል ስለዘረጉ ብቻ ድምፁ ስቴሪዮ አይሆንም። በግራና በቀኝ የሚወጣው ያው አንድ ድምፅ ከሆነ ድርብ ሞኖ ነው፤ መሃል ላይ ይሰማል። ስቴሪዮ የሚባለው ሁለቱ ወገኖች ሲለያዩ ነው፤ ለምሳሌ ዲሌይ (ድምፁን አዘግይቶ የሚደግም ኢፌክት) አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ሲመላለስ።

በሞዴለሩ ውስጥ አምፑና ካቢኔቱ (የስፒከር ሳጥኑ) ይቅደሙ፣ ስቴሪዮ ዲሌይና ሪቨርብ (ማስተጋባት የሚጨምር ኢፌክት) ይከተሉ። ከእነሱ በኋላ ሞኖ ኢፌክት ከገባ ሁሉንም መልሶ አንድ ያደርገዋል። ሚክሰሩ ላይ የአንዱን ቻናል ፓን (ድምፁን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የሚወስደውን ቁልፍ) እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ የሌላውን ወደ ቀኝ ያዙሩ። ሁለቱም መሃል ከቀሩ ስቴሪዮው ይጠፋል፤ ድርብ ሞኖ ከሆነ ደግሞ ድምፁ ከአንዱ ቻናል ብቻ ይልቅ በ6 ዴሲቤል ይጨምራል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ግን የሄድፎን መውጫን በስቴሪዮ ጃክ ኬብል ወደ አንድ ባላንስድ መግቢያ ሲሰካ ነው። መግቢያው የሚወስደው የግራና የቀኙን ልዩነት ብቻ ስለሆነ ድርብ ሞኖ ድምፅ እርስ በርሱ ተሰራርዞ ይጠፋል፤ ስቴሪዮ ሪቨርብ ካለ የእሱ ጭራ ብቻ ይቀራል።

አንዱን ወገን በ10 ሚሊሰከንድ ማዘግየት ድምፁን ያሰፋዋል። የአዳራሹ ሲስተም ሞኖ ከሆነ ግን 50፣ 150 እና 250 ኸርዝ ላይ ይሰረዛል፣ ጊታሩም ይቀጥናል። እንዲህ ባለ ቦታ ማዘግየቱን አጥፍተው ከግራ/ሞኖ መውጫ አንድ ኬብል ብቻ ያውጡ፤ ብዙ መሣሪያዎች ሁለቱን ወገን የሚደምሩት ቀኙ ባዶ ሲሆን ነው።