አዲስ ኮምፒውተር በስክሪፕት ማሰናዳት

አዲስ ኮምፒውተር ሲገዛ ወይም አሮጌው ፎርማት ሲደረግ ብዙው ሰው የሚያደርገው ያው ነው። ብሮውዘር ያወርዳል፣ ኦፊስ ይጭናል፣ የአማርኛ ኪቦርድ ይፈልጋል፣ ሰዓቱን ያስተካክላል። ከዚያ የጎደለውን እያስታወሰ ለቀናት አንድ በአንድ ይጨምራል። ይህን ሁሉ በእጅ ከመሥራት ይልቅ ትእዛዞቹን ፋይል ላይ ጽፎ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲፈጽማቸው ማድረግ ይቻላል። ያ ፋይል ስክሪፕት ይባላል። ፕሮግራመሮችና የአይቲ ሰዎች ለረጅም ዘመን ሲሠሩበት ቆይተዋል፤ አንድ ላፕቶፕ ብቻ ላለው ሰውም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ሐሳቡ የመጣው ግን ከቤት ኮምፒውተር አይደለም። በ1990ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብዙ ማሽን የነበራቸው መሥሪያ ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ሲዲ ይዞ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ መዞር አላዋጣቸውም። ሰን ማይክሮሲስተምስ ሶላሪስ ለሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጃምፕስታርትን፣ ሬድ ሃት ለሊኑክሱ ኪክስታርትን አወጡ። ሁለቱም ሲስተሙ ሲጫን የሚጠይቀውን ሁሉ፣ ቋንቋው ምን ይሁን፣ ዲስኩ እንዴት ይከፈል፣ የትኞቹ ፕሮግራሞች ይግቡ የሚለውን፣ አስቀድሞ ከተጻፈ ፋይል እንዲያነብ ያደርጋሉ። ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ለዚህ ፕሪሲድ አለው፤ ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ኡቡንቱ ሰርቨር ደግሞ ከ20.04 ስሪቱ ጀምሮ አውቶኢንስቶል። ዊንዶውስም የመልስ ፋይል አለው፦ በትክክለኛው ስም መጫኛው ፍላሽ ላይ ከተቀመጠ ሲስተሙ ራሱ ፈልጎ ያነበዋል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ነው። ፋይሉ ውስጥ ዲስኩን አጽዳ የሚል መስመር ካለ "እርግጠኛ ነህ?" ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ያጠፋዋል።

በ1993 ማርክ በርጀስ የተባለ ተመራማሪ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲኤፍኢንጂን የሚባለውን መሣሪያ ጀመረ። ከሱ የመጣው ሐሳብ ዛሬም ሁሉም ቦታ አለ። "ይህን አድርግ፣ ቀጥሎ ያንን አድርግ" ብሎ ከመጻፍ ይልቅ መጨረሻ ላይ ማሽኑ ምን መምሰል እንዳለበት ይጻፋል፤ የጎደለውን ለይቶ የሚያሟላው መሣሪያው ነው። ፐፔት በ2005፣ ሼፍ በ2009፣ አንሲብል በ2012 የመጡት በዚሁ መንገድ ነው። ከነዚህ ውስጥ ለጀማሪ የሚቀለው አንሲብል ነው፤ በሚተዳደረው ማሽን ላይ የራሱን ፕሮግራም ቀድሞ መጫን አያስፈልገውም፣ በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሌላ ማሽን መግቢያ መንገድ) ገብቶ ይሠራል። ቢሆንም ለአንድ ላፕቶፕ ከባድ ነው። አንድ ወይም ሁለት ማሽን ያለው ሰው በፕሮግራሞች ዝርዝርና በአጭር ስክሪፕት ቢጀምር ይሻለዋል፣ አንሲብልን ማሽኖቹ ሲበዙ ይደርስበታል።

የፕሮግራሞቹን ዝርዝር ወደ እውነት የሚቀይረው ፓኬጅ ማኔጀር ነው። የፕሮግራሙን ስም ትሰጡታላችሁ፣ ከትክክለኛው ምንጭ አውርዶ ይጭናል፣ በኋላም ያድሳል። ዴቢያንና ኡቡንቱ ኤፒቲን ይዘው ነው የሚመጡት። ለማክ ማክስ ሃውል በ2009 ሆምብሩን ሠራ። ዊንዶውስ በዚህ በኩል ዘግይቷል። ቾኮሌቲ በ2011 ከማይክሮሶፍት ውጭ ተሠርቶ መጣ፤ ማይክሮሶፍት የራሱን ዊንጌት ያስተዋወቀው በ2020 ሲሆን የመጀመሪያው ሙሉ ስሪት በቀጣዩ ዓመት ወጣ። አሁን ዊንዶውስ 11 ላይ አብሮ ይገኛል፣ ብዙ ሰው ግን መኖሩንም አያውቅም። በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ የዊንጌትን የኤክስፖርት ትእዛዝ ብትሰጡ፣ ከተጫኑት ፕሮግራሞች እሱ የሚያውቃቸውን ዘርዝሮ ፋይል ያወጣል። ፋይሉን ወደ አዲሱ ወስዶ ኢምፖርት ማድረግ ብቻ ነው። ሆምብሩም ብሩፋይል በሚባል ዝርዝር ይህንኑ ያደርጋል። ምንም ኮድ ጽፎ የማያውቅ ሰው ሊጀምርበት የሚችለው እዚህ ጋ ነው።

እኛ አገር ደግሞ ሌላ ልማድ አለ። ኮምፒውተር ፎርማት የሚደረገው ብዙ ጊዜ ሱቅ ተወስዶ ነው። ጠጋኙ ፍላሹ ላይ ካጠራቀማቸው መጫኛዎች ያስገባል። ኢንተርኔት ውድና ቀርፋፋ ስለሆነ ይህ ምክንያት አለው፣ ሰውየው የሚሰጠው አገልግሎትም እውነተኛ ነው። ችግሩ ፍላሹ ላይ ያሉት ስሪቶች ብዙ ጊዜ ያረጁ መሆናቸው ነው፤ ክራክ የተደረጉ ፕሮግራሞችም አብረው ይገባሉ፣ ከነሱ ጋር ቫይረስ ቢመጣ የሚያውቅ የለም። ዝርዝሩ በስክሪፕት ቢሆን ምን እንደገባ ባለቤቱ አንብቦ ያውቃል። ዳታ ለመቆጠብም መላ አለ። ዊንጌት መጫኛዎችን ሳይጭን ለብቻ ማውረድ ይችላል፤ ፈጣን ዋይፋይ ባለበት አውርዶ በፍላሽ ይዞ መሄድ ነው። የኮምፒውተር ላብ ላለው ትምህርት ቤት ደግሞ ኤፒቲ-ካሸር-ኤንጂ የሚባል ፕሮግራም አለ። አንዱ ማሽን ያወረደውን ፓኬጅ ያስቀምጥና ሌሎቹ ከሱ ይወስዳሉ። ሠላሳ ኮምፒውተር አንድን ነገር ሠላሳ ጊዜ አያወርድም ማለት ነው።

ኔትወርክ በሚቆራረጥበትና መብራት በሚሄድበት ቦታ ስክሪፕት መሃል ላይ መቋረጡ አይቀርም፤ ስለዚህ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ነገር እንደገና ሲያስኬዱት ምንም ሳያበላሽ ካቆመበት የሚቀጥል መሆኑ ነው። ፓኬጅ ማኔጀሮች ይህን ያውቃሉ፣ የተጫነውን ያልፉታል። ችግር የሚመጣው በእጅ ከሚጻፉት መስመሮች ነው። ለምሳሌ የባሽ (የሊኑክስ የትእዛዝ መጻፊያ) ሴቲንግ ፋይል መጨረሻ ላይ አንድ መስመር የሚጨምር ስክሪፕት አምስት ጊዜ ቢሄድ መስመሩ አምስት ጊዜ ይጻፋል። መጀመሪያ "አለ ወይ?" ብሎ መፈተሽ፣ ከሌለ ብቻ መጨመር ያስፈልጋል። ፎልደር ሲፈጠርም እንደዚያው፤ ካለ ዝም ብሎ እንዲያልፈው ማድረጊያ አለው። የስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ስህተት ሲያጋጥም እንዲቆም የሚያዝ መስመር ማስገባት ደግ ነው። አለበለዚያ አንዱ እርምጃ ወድቆ ሌላው ይቀጥልና ምኑ እንደጎደለ ለማወቅ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ከፕሮግራሞቹ ቀጥሎ ሴቲንጉ ይመጣል። በሊኑክስና በማክ ብዙዎቹ ሴቲንጎች ስማቸው በነጥብ የሚጀምር ድብቅ ፋይሎች ናቸው፣ ዶትፋይል ይባላሉ። ሰዎች እነዚህን በጊት (የፋይሎችን የለውጥ ታሪክ የሚመዘግብ ፕሮግራም) ያስቀምጡና አዲሱ ማሽን ላይ ያወርዷቸዋል። ስቶው የሚባለው የጂኤንዩ መሣሪያ ፋይሎቹን ወደ ቦታቸው በሊንክ ያገናኛል፤ ሼሟ የሚባለው ደግሞ ከማሽን ማሽን የሚለያየውን ነገር ጨምሮ ይይዛል። ዊንዶውስ ላይ ይህ ሥራ በአብዛኛው ለፓወርሼል (የዊንዶውስ ትእዛዝና ስክሪፕት ማስኬጃ) እና ለሬጅስትሪ (የዊንዶውስ ሴቲንጎች የሚቀመጡበት ቋት) የተተወ ነው።

ለአማርኛ ተጠቃሚ ዋናው ሴቲንግ ፊደሉ ነው፣ ከእንግሊዝኛ ምሳሌ የተቀዱ ስክሪፕቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ ይህን ይዘሉታል። ኡቡንቱ ላይ የአቢሲኒካ ፎንት ፓኬጅ አለ፤ አይባስ-ኤም17ኤን የሚባለውን ሲጨምሩ አማርኛ በእንግሊዝኛ ፊደላት ድምፅ እየጻፉ ማስገባት ይቻላል። የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ማድረግ አንድ መስመር ነው። ዊንዶውስ ላይ ኤብሪማ የሚባለው ፎንት የግዕዝን ፊደል ያሳያል፤ ብዙ የቆዩ ሰነዶች የተጻፉበት ኒያላ ግን ከዊንዶውስ 10 ወዲህ በራሱ አይገባም፣ የኢትዮጵያ ፊደል ተጨማሪ ፎንቶች በሚል አማራጭ ሆኖ መጫን አለበት። የቆየ የቢሮ ደብዳቤ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት ቅርጹ የሚለወጥበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው፣ ስክሪፕት ውስጥ ቢገባ አንድ ጊዜ ተፈቶ ያልቃል። ኪቦርዱን በፓወርሼል ስትጨምሩ ደግሞ ልብ በሉ። የቋንቋ ዝርዝሩን የሚያስገባው ትእዛዝ አይጨምርም፣ ነባሩን ሙሉ በሙሉ ይተካል። መጀመሪያ ያለውን ዝርዝር አንብቡ፣ አማርኛን ጨምሩበት፣ ከዚያ መልሳችሁ አስገቡት።

ስለ ደህንነት ሁለት ነገር። ከኢንተርኔት የተገኘ ስክሪፕት ኮምፒውተሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ሊያገኝ ይችላል፤ ሳያነቡ አውርዶ ወዲያው የሚያስኬደውን የአንድ መስመር ትእዛዝ እኔ አልመክርም። ዊንዶውስ በራሱ የፓወርሼል ስክሪፕቶችን ይከለክላል፣ ብዙ መመሪያዎች ደግሞ ክልከላውን ጨርሶ አጥፉት ይላሉ። አያስፈልግም። ከኢንተርኔት የመጣው እንዲፈረም፣ ራሳችሁ የጻፋችሁት እንዲሄድ የሚፈቅደው ደረጃ ይበቃል። ሁለተኛው፦ ፓስወርድና የኤስኤስኤች ቁልፍ ስክሪፕቱ ውስጥ አይጻፍ። ጊትሃብ (የጊት ፋይሎች ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጡበት ጣቢያ) ላይ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የወጣ ቁልፍ በኋላ ቢሰረዝም በታሪኩ ውስጥ ይቀራል፤ መፍትሔው ቁልፉን መለወጥ ብቻ ነው።

ስክሪፕቱን በአዲሱ ማሽን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መሞከር ግን ጥሩ አይደለም። ቨርቹዋልቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ምናባዊ ኮምፒውተር የሚፈጥር ፕሮግራም) ላይ ባዶ ሲስተም ጭኖ ስናፕሾት (የዚያን ጊዜ ሁኔታውን ቅጂ) መያዝ፣ ስክሪፕቱን ማስኬድ፣ ሲበላሽ ወደ ስናፕሾቱ መመለስ ይቻላል። ዊንዶውስ ፕሮ ያለው ሰው ደግሞ ሳንድቦክስ የሚባል የመሞከሪያ ቦታ አለው፣ ሲዘጋ ሁሉም ነገር ይጠፋል።

ይህን ሁሉ እስከ ጥግ የወሰደው ኒክስ የሚባለው ፓኬጅ ማኔጀር ነው። ኤልኮ ዶልስትራ በ2003 የጀመረው ሲሆን፣ በሱ ላይ የተሠራው ኒክስኦኤስ መላ ሲስተሙን በጽሑፍ ከተገለጸ ሴቲንግ ይገነባል፤ ለውጡ ካልሠራ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የቀድሞውን መምረጥ ይቻላል። በጣም ደስ የሚል ነገር ነው። የራሱን ቋንቋ መማር ግን ይጠይቃል፣ ትዕግሥት የሌለው ሰው ባይጀምረው ይሻላል።

በስክሪፕት የማይሆንም አለ። ወደ አካውንት መግባት፣ በስልክ የሚመጣ የማረጋገጫ ኮድ፣ የላይሰንስ ቁጥር በእጅ ይቀራሉ። ማክ ላይ ካሜራና ስክሪን ለመቅዳት ፈቃድ የሚሰጠው ባለቤቱ ራሱ ተጭኖ ነው፣ ሆን ተብሎ እንዲህ ተደርጓል። ስለዚህ የስክሪፕቱ የመጨረሻ መስመሮች የቀረውን የእጅ ሥራ በተራ ስክሪኑ ላይ ይጻፉት፦ ኢሜይል ክፈት፣ ፕሪንተር አገናኝ፣ ባክአፕ አብራ።