«ወጣት ሠራተኛ» ማን ነው?

ክረምት ሲገባ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሥራ የሚፈልጉ ተማሪዎች ይበዛሉ። ሕፃናት ማቆያ ማገዝ፣ ትንንሾችን ማስጠናት ደስ የሚል ሥራ ነው። ግን «18 ካልሞላሽ አትቀጠሪም» ይሏቸዋል። ስህተት ነው! የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ 15 ዓመት የሞላውንና ከ18 ያልበለጠውን «ወጣት ሠራተኛ» ይለዋል። መቀጠር ይችላል። ከ15 በታች ነው ክልክሉ።

ብዙዎችን የሚያምታታው ሰዓቱ ነው። ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። ትርፍ ሰዓት፣ የሳምንት ዕረፍት ቀንና የሕዝብ በዓል ላይ ማሠራትም አይፈቀድም። ስለዚህ ማቆያው እንቁጣጣሽ ዕለት ሰው ቢያጥረው እንኳ የ16 ዓመቷን ልጅ «ነይ» ማለት አይችልም። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም እንዲሁ። «እሷ እሺ ብላለች እኮ» ሲባል ያመኛል። የልጅቷ እሺታ ሕጉን አይሽረውም።