ጋብቻን በፍርድ ማፍረስ፦ ትርጉሙና በኢትዮጵያ ሕግ ያለው ቦታ

ጋብቻ በፍርድ ፈረሰ የሚባለው ጋብቻው በተፈጸመበት ዕለት ሕግ የሚጠይቀው መሠረታዊ ሁኔታ ተጓድሎ ሲገኝና ፍርድ ቤት በዚሁ ምክንያት ትዳሩን ሲያፈርሰው ነው። ፍቺ ከዚህ ይለያል። ለፍቺ የሚበቃው ምክንያት ከሠርጉ በኋላ የተፈጠረ ጠብ፣ መሰላቸት ወይም መለያየት ሊሆን ይችላል። ለማፍረስ ግን ጉድለቱ ከመነሻው የነበረ መሆን አለበት። በተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 75 መሠረት ጋብቻ በሦስት መንገድ ይቋረጣል፤ በሞት ወይም በመጥፋት ውሳኔ፣ መሠረታዊ ሁኔታዎች ተጥሰው ፍርድ ቤት ሲያፈርሰው፣ እንዲሁም በፍቺ።

ከዘመናዊው ሕግ በፊት ዋናው የጽሑፍ ምንጭ ፍትሐ ነገሥት ሲሆን፣ 24ኛው አንቀጹ ስለ ጋብቻ ነው። በዚህ ሥርዓት የሥጋ ዝምድና ብቻ ሳይሆን በጥምቀት የሚመጣ ዝምድናም ትዳርን ይከለክላል፤ አበልጅ ከአበልጁ አይጋባም። በአማራው ባህል ደግሞ ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ዐፄ ዓምደ ጽዮን የአባታቸውን ሴት በማግባታቸው እነ አባ አኖሬዎስ እንዳወገዟቸው ገድላት ይተርካሉ። ስለ ሴትዮዋ ማንነት ትረካዎቹ አይስማሙም፤ ንጉሥንም ቢሆን ለመገሠጽ የሚደፍር ሃይማኖታዊ ሥልጣን መኖሩ ግን ከትረካው ግልጽ ነው።

በሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጉዳዩን ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ በድንጋጌ መልክ አስቀመጠው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ናቸው፤ ይሁንና በቤተሰብ ክፍሉ የአገሩ ልማድ በጉልህ ይታያል፤ ለሽማግሌዎች የተሰጠው ሰፊ ሥልጣን አንዱ ምስክር ነው። የጋብቻ ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት ነበር። ጋብቻን ለማፍረስ ከሚበቁት ስህተቶች መካከል ስለ ተጋቢው ሃይማኖት ተሳስቶ ማግባትና የሥጋ ደዌ ይገኙ ነበር።

ዛሬ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ሲሆን፣ ከሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ነው። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን አላቸው፤ የአማራ ክልል ለምሳሌ የራሱን በአዋጅ ቁጥር 79/1995 አውጥቷል። የፌዴራሉ ሕግ ከቀድሞው ይልቅ በግልጽ የተቀረጸ፣ ለሴቶችና ለሕጻናት የበለጠ የሚቆረቆር ሕግ መሆኑን በሥራው ላይ የቆየ ሁሉ ይመሰክራል።

በዚህ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም ጾታ 18 ዓመት ነው። የፍትሕ ሚኒስትሩ በከባድ ምክንያት እስከ 2 ዓመት ሊቀንስ ይችላል። ዕድሜው ያልደረሰ ሰው ጋብቻ ሲፈጸም ጥቅም ያለው ማንኛውም ሰው ወይም ዐቃቤ ሕግ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። ሆኖም ተጋቢው ለዕድሜው ከበቃ በኋላ በዚህ ምክንያት አቤቱታ አይቀርብም። ይህ ድንጋጌ አከራካሪ ነው። የቆመ ትዳርን ማናወጥ አይገባም የሚሉ ይደግፉታል። በ14 ዓመቷ የተዳረች ልጅ 18 ሲሞላት በዕድሜ ምክንያት የማፍረስ በሩ ይዘጋባትና ወደ ፍቺ ትሄዳለች፤ ያኔ መዝገቡ የሚያወራው ስለ ትዳር መበላሸት እንጂ ስለተፈጸመባት በደል አይደለም። ይህ የሕጉ ደካማ ጎን ነው።

የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና ከሆነ ጥያቄው በጊዜ አይገደብም። የሕጉ የዝምድና ክልል ግን ከባህሉ በእጅጉ ይጠባል። በጎን ዘር የተከለከለው ወንድምና እኅት እንዲሁም አክስትና አጎት ሲሆን፣ የሚስትን እኅት ወይም የባልን ወንድም ማግባትም ክልክል ነው። ሰባት ቤት የሚቆጥር የገጠር ሽማግሌ ይህን ሲሰማ ራሱን መነቅነቁ አይቀርም።

በጋብቻ ላይ የተፈጸመ ጋብቻም ይፈርሳል፤ ነገር ግን የፊተኛው ትዳር ተጋቢ ከሞተ ሁለተኛው ከዚያ ዕለት ጀምሮ ይጸናል። በኃይል የተገኘ ፈቃድ ሲሆን አቤቱታው ኃይሉ ከቀረ በ6 ወር ውስጥ፣ ምንም ቢሆን ግን ጋብቻው ከተፈጸመ 2 ዓመት ሳያልፍ መቅረብ አለበት። ለስህተትም የጊዜው አቆጣጠር ይኸው ነው፤ 6 ወሩ የሚቆጠረው ስህተቱ ከታወቀበት ቀን ነው። ስህተት የሚባሉት የተጋቢው ማንነት፣ የማይድን ወይም ወደ ልጅ የሚተላለፍ በሽታ፣ ለግንኙነት የሚያስፈልግ አካል አለመኖርና ከተመሳሳይ ጾታ ጋር ግንኙነት የመፈጸም ልማድ ናቸው። ሃይማኖት ከዝርዝሩ ወጥቷል። ሀብት አለኝ ብሎ ማታለልም ጋብቻን አያፈርስም፤ ለዚያ ያለው መንገድ ፍቺ ነው።

ሕጉ ቢከለክለውም የማያፈርሰው ነገርም አለ። ሴት የቀድሞ ትዳሯ ከፈረሰ 180 ቀን ሳይሞላት እንዳታገባ ተከልክሏል፤ የሚወለደው ልጅ አባት እንዳያጠያይቅ ነው። ብታገባ ግን በዚህ ምክንያት ብቻ ትዳሯ አይፈርስም።

ከወንጀል ጋር ያለው ትስስር ከሁሉም ይከብዳል። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ በፈቃዷ አገባሁ ካለና ጋብቻው ከጸና ክስ አይቀጥልበትም ነበር። ስለዚህ የጋብቻው መፍረስ አለመፍረስ የወንጀል ክሱን ዕጣ ይወስን ነበር፤ ሽማግሌ ተልኮ፣ ካሣ ተቆርጦ ነገሩ በሰማንያ እንዲሸፈን ያደረገውም ይኸው ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህን ማምለጫ አስቀርቷል። ያለ ዕድሜ ጋብቻንም አንቀጽ 648 ይቀጣል፤ ልጅቷ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስራቱ እስከ 7 ዓመት ይደርሳል።

ጋብቻ ፈረሰ ማለት ትዳሩ ጭራሽ እንዳልነበረ ይቆጠራል ማለት አይደለም። በኢትዮጵያ ሕግ ውጤቱ ወደ ፊት ነው፤ ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆች አያያዝና ስለ ንብረት ይወስናል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ደግሞ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ከሌላው እኩል መብት እንዳለው ደንግጓል። ያለ ጋብቻ እንደ ባልና ሚስት 3 ዓመት አብረው የኖሩ እንኳ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ሀብት የጋራ ነው። በሌሎች አገሮች ሚስት «ሚስት አልነበርሽም» ተብላ ባዶ እጇን የቀረችበት ታሪክ ሲታይ ይህ የሚያስመሰግን ነው።

በእስልምና ፈስኽ (ትዳርን በፍርድ ማፍረስ) ከጠላቅ (ባል ከሚሰጠው ፍቺ) የተለየ ሲሆን፣ ትዳሩን የሚያፈርሰው ቃዲው ነው። በአንድ ጡት ያደጉ ሰዎች ጋብቻም በሸሪዓ የተከለከለ ነው፤ የመንግሥቱ ሕግ ይህን የጡት ዝምድና አያውቀውም። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩ ሲሆን፣ ጉዳዩን የሚያዩት ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ብቻ ነው። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ፍቺ ስለሌለ ማፍረስ ትልቅ ቦታ አለው፤ ሁለተኛ ተመሳሳይ ፍርድ የግድ ያስፈልግ የነበረውን ሥርዓት ጳጳስ ፍራንሲስ በ2015 እ.ኤ.አ. አስቀርተዋል።

በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖች ጉዳዩ ከመኖሪያ ፈቃድ ጋር ይያያዛል። ትዳሩ 2 ዓመት ሳይሞላው ግሪን ካርድ ያገኘ ሰው የሚሰጠው ባለ 2 ዓመት ፈቃድ ነው፤ የጊዜ ገደቡን ለማስነሣት ባልና ሚስት አብረው ያመለክታሉ። ጋብቻው በፍርድ ቢፈርስም፣ በቅን ልቦና የተፈጸመ እንደነበር የሚያስረዳ ሰው እንደተፋታ ሰው ሁሉ ብቻውን ማመልከት ይችላል።