የአየር ሁኔታ እና የአየር ንብረት፤ ሳይታረሙ የሚደጋገሙ ስህተቶች

«ዌዘር» እና «ክላይሜት» የሚባሉት የእንግሊዝኛ ቃላት፣ በእኛ የአየር ሁኔታ እና የአየር ንብረት፣ ዘወትር አብረው ስለሚጠሩ ብዙ ሰው አንድ አድርጎ ይወስዳቸዋል። ድሬዳዋ ውስጥ ጂኦግራፊ ሳስተምር ይህን መደባለቅ ያልሰማሁበት የትምህርት ዘመን የለም፤ ተማሪ ቢሳሳት ይታረማል፣ በየስብሰባው የሚደግሙት አዋቂዎች ግን ትዕግሥቴን ጨርሰውታል።

«ዛሬ ክላይሜቱ ከብዷል» አይባልም፤ የዛሬው ሙቀት የአየር ሁኔታ ነው፤ የአየር ንብረት የሚባለው የአንድ አካባቢ የብዙ ዓመታት ጠባይ ነው።

«ድሬ ከሐረር የምትሞቀው በረሃ ስለሚቀርባት ነው» የሚለው ዋናውን ምክንያት ይስታል። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳል።

ከሁሉ የሚያስቆጣኝ በአንድ ቀን ተነሥቶ ስለ አየር ንብረት መፍረድ ነው። የጥር ማለዳ ሲበርድ «ዓለም ሞቀች የሚባለው ውሸት ነው» ያለ ሰው፣ ድሬን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ «የአየር ንብረቱ ተለወጠ» ይላል። የዓለም ሜትዎሮሎጂ ድርጅት የአየር ንብረትን መደበኛ መጠን የሚያሰላው ከ30 ዓመት መረጃ ስለሆነ፣ አንድ ማለዳም ሆነ አንድ ጎርፍ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሕዝቡ በተኛበት ደርሶ ከ200 በላይ ሰው የፈጀው ጎርፍ የአየር ሁኔታ ክስተት ነበር፤ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ ከርሞ በዝናብ ወራት በድንገት የሚሞላ ወንዝ መሆኑ ግን ከአካባቢው የአየር ንብረት የመጣ ነው። የአየር ንብረት ሲባል አማካዩ ብቻ የሚመስላቸውም ይሳሳታሉ፤ ከባድ ዝናብ በስንት ዓመት አንዴ እንደሚመጣም ይጨምራል።

በወንዙ ዳር የሚኖሩ የአንድ ተማሪዬ አያት፣ በነሐሴ ወር ልብስ አሸዋው ላይ አስጥተው «ልጄ፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ምን ያሰጋናል?» ብለውኛል። እማማ ያዩት ከራሳቸው በላይ ያለውን የዚያን ሰዓት የአየር ሁኔታ ነበር። ደቻቱን የሚሞላው ዝናብ ግን በደቡብ በኩል፣ በደንገጎ ከፍታዎች ላይ ይወርዳል፤ ዳገቱ ቁልቁል ስለሆነ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወድቅ ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በበልግና በክረምት የደንገጎ ሰማይ ከጠቆረ መኪናም ሆነ ሸቀጥ አሸዋው ላይ አይቁም፣ ልጆችም ከዚያ ይውጡ፤ ውሃው ከመጣ በኋላም ከከዚራ ሰፈር ወደ ማዶው መጋላ በእግር ለመሻገር ማንም አይሞክር፣ ድልድይ አለ።