ጥፋቱን ያላመነ እምነት

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ አንድ ቃል ላውራችሁ። «አመነ» ስለሚለው።

በአማርኛ «በጌታ አመነ» እንላለን። «ጥፋቱን አመነ»ም እንላለን። ተከሳሽ ዳኛ ፊት ቆሞ «አዎ፣ አድርጌዋለሁ» ሲል ያው «አመነ» ነው። ከዚሁ ቃል ደግሞ «ታመነ» ይወጣል፤ ተደገፈ፣ ራሱን ጣለበት እንደ ማለት። አዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክኛም ተመሳሳይ ነገር አለ። ዮሐንስ 2፥23-24 ላይ ብዙዎች ምልክቱን አይተው በስሙ አመኑ፣ ኢየሱስ ግን አይተማመናቸውም ነበር ይላል። በግሪኩ ሁለቱም አንድ ግስ ናቸው። እነሱ አመኑት፤ እሱ አላመናቸውም። ይህን ጥቅስ ባነበብኩ ቁጥር ቆም እላለሁ።

ሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ያለው ሲሞንም ከዚያው ወገን ይመስለኛል። የሰማርያን ሰዎች በጥንቆላው ሲያስገርም የኖረ ሰው ነው። ፊልጶስ ወንጌል ሲሰብክ እሱም ራሱ አመነ ይላል ቃሉ። ተጠመቀ። ከፊልጶስ ጎን አልጠፋም። በኋላ ጴጥሮስና ዮሐንስ መጥተው እጃቸውን ሲጭኑ ሰዎች መንፈስ ቅዱስን ሲቀበሉ አየና ገንዘብ አቀረበ። ይህን ሥልጣን ለእኔም ስጡኝ አለ። ጴጥሮስ ልብህ በእግዚአብሔር ፊት የቀና አይደለም፣ ንስሐ ግባ፣ ጌታን ለምን አለው። መልሱን ልብ በሉልኝ፦ «ካላችሁት አንዳች እንዳይደርስብኝ እናንተው ወደ ጌታ ለምኑልኝ»።

«ጌታን ለምን» የተባለው እሱ ነው፤ እሱ ግን ለምኑልኝ አለ። «በድያለሁ» የምትል ቃል የለችበትም። ቅጣቱ አስፈራው እንጂ ኃጢአቱ አላመመውም። መጨረሻው ምን እንደሆነ ምዕራፉ ስለማይነግረን ፍርዱን ለጌታ እተዋለሁ። ያቺ ጸሎት ግን ታስፈራኛለች። እኔም ጸልያታለሁና።

ከዓመታት በፊት ነው። መሥሪያ ቤት አንድ ሪፖርት ላይ ቁጥር ቀየርኩ፣ ያልጨረስኩት ሥራ ያለቀ እንዲመስል። አለቃዬ «ነገ ጠዋት አብረን እናየዋለን» አለኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። አልጋዬ አጠገብ ተንበርክኬ፣ ፊቴን ብርድ ልብሱ ውስጥ ቀብሬ አለቀስኩ። እንባው የማስመሰል አልነበረም፤ ብርድ ልብሱ ረጥቧል። ግን ያን ሁሉ ሰዓት የጸለይኩት «ጌታ ሆይ፣ እንዳይታወቅብኝ» ብቻ ነበር። መሐል ላይ የራሴን ድምፅ ሰማሁትና ደነገጥኩ። ጌታን የፈለግሁት ከኃጢአቴ እንዲያድነኝ ሳይሆን ከአለቃዬ እንዲያስመልጠኝ ነበር። ጠዋት ሄጄ «ቁጥሩን የቀየርኩት እኔ ነኝ» አልኩት። አራት ቃል ነው፤ አፌ ደርቆ ለመናገር ምጥ ሆነብኝ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈብኝ። ማታ ስንበረከክ ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ምንም ያልደበቅኩበትን ጸሎት ጸለይኩ።

ጥፋትን ማመን ብቻውን ደግሞ አያድንም። ይሁዳ እኮ አምኗል። «ንጹሕ ደም አሳልፌ በመስጠቴ በድያለሁ» ብሎ 30ውን ብር መልሷል። ከሲሞን በጣም የራቀ ኑዛዜ ነው። ግን የሄደው ወደ ካህናት አለቆችና ወደ ሽማግሌዎች ነው፤ እነሱ ደግሞ ምን አገባን ብለው አሰናበቱት። ወደ ጌታ አልተመለሰም። ጥፋቱን አመነ፣ በምሕረቱ ግን አልታመነም። ጴጥሮስም ጌታ በተያዘበት ሌሊት ሦስት ጊዜ ክዶ ምርር ብሎ አልቅሷል። በኋላ ግን በባሕሩ ዳር የቆመው ጌታ መሆኑን ሲሰማ ጀልባዋ እስክትደርስ አልጠበቀም፤ ውኃው ውስጥ ዘሎ ገባ። በደለኛው ወደ በደለው ጌታ ነው የሮጠው።

ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ያገኘሁት ግን ከጌታ ጋር የተሰቀለው ወንበዴ አፍ ላይ ነው። ለጓደኛው፣ እኛስ የሚገባንን ነው የተቀበልነው አለው። ይህ ጥፋትን ማመን ነው። ቀጥሎ «ኢየሱስ ሆይ፥ በመንግሥትህ በመጣህ ጊዜ አስበኝ» አለ። ይህ መታመን ነው። ያስመዘገበው አገልግሎት የለም፣ የሚያሳየው ነገር የለም፣ እጁና እግሩ አይንቀሳቀስም። ማቴዎስ 7 ላይ ደግሞ በስምህ ትንቢት ተናግረናል፣ አጋንንት አውጥተናል የሚሉ ብዙዎች አሉ። ከቶ አላወቅኋችሁም ተባሉ። እነሱ የሠሩትን ቆጠሩ፤ ወንበዴው የቆጠረው በደሉን ነው። ለእሱ የተሰጠው መልስ «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» የሚል ነው።

«ታዲያ ሥራ አያስፈልግም ማለት ነው?» የምትሉኝ አላችሁ። አብርሃምን እዩ። እግዚአብሔርን አምኖ ጽድቅ ሆኖ የተቆጠረለት ዘፍጥረት 15 ላይ ነው። ያኔ እስማኤል እንኳ አልተወለደም፤ እስማኤል ሲወለድ አብርሃም 86 ዓመቱ ነበር፣ ይስሐቅ ሲወለድ 100። ይስሐቅን ይዞ ወደ ሞሪያ የወጣው ከዚያም በኋላ ነው። ያዕቆብ ሥራ የሌለው እምነት የሞተ ነው ሲል ይህንኑ፣ ይስሐቅን በመሠዊያ ማቅረቡን፣ ይጠቅሳል። እምነቱ ቀደመ፣ ዓመታት ዘገየና እግር አውጥቶ ተራራ ወጣ። አጋንንትም ያምናሉ፣ ይንቀጠቀጡማል፤ ንስሐ ገብተው ግን ወደ ጌታ አልተመለሱም።

ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ልባችሁ የደነገጠ፣ «የእኔስ እምነት ሐሰተኛ ይሆን?» ያላችሁ አትሽሹ። ትንሽ እምነትና ሐሰተኛ እምነት አንድ አይደሉም፤ እባካችሁ አታምታቷቸው። ማርቆስ 9 ላይ ያ አባት ርኩስ መንፈስ የያዘው ልጁ እየተንፈራገጠ ጌታ ፊት ቆሞ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ። አየኸው? ጥርጣሬውን ሳይደብቅ አመነ፣ በዚያው አፉ ተደገፈበት። ኢየሱስም እምነትህ ሲሞላ ተመለስ አላለውም። ርኩሱን መንፈስ ገሠጸው። ልጁ እንደ ሞተ ሆነ፣ ብዙዎችም ሞተ አሉ። ጌታ ግን እጁን ይዞ አስነሣው፣ ልጁም ቆመ።